ስለ ሸጋዬ ማንቆርቆሪያ ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ በሕንድ አገር፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ላለው ሆቴል ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ያ በጫማ ሊረግጡት የሚያሳሳው ምንጣፍዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ መካነ ሰላም ላይ ጨርቅ የምሸጠው አህመዲን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ይህንን በአማርኛ የምጽፍልዎ እንደማያነቡት እያወቅሁ ነው፤ እናንተም ክፍላችን በር ላይ የለጠፋችሁትን እኔ ማንበብ እንደማልችል እያወቃችሁ ስለለጠፋችሁት፣ በዚህ አንተዛዘብም።

አንደኛ፣ ስለ መብራታችሁ ላመስግን። እኛ ዘንድ ማንቆርቆሪያው ተቀምጦ መብራቱ ነው የሚጠፋው፤ እናንተ ዘንድ መብራቱ ሰው በሌለበት ኮሪደር ሲበራ ያድራል፣ ማንቆርቆሪያው ግን ክልክል ነው። ባለቤቴ ሸጋዬ ይህን ብትሰማ ኖሮ ትስቅ ነበር፤ ታማም ሳቅ አልተወችም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥዕሉ። ለእናቷ ማሳከሚያውንም ትንሿን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያም የላከችው ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃችን አሚራ ናት። ሸጋዬ ሕክምናውን ከጀመረች ወዲህ፣ ጎረቤታችን ፈንታዬ ለመንገድ ብላ ካስፈጨችልን የአጃ ዱቄት አጥሚት በቀር ሌላ ነገር ከጉሮሮዋ አልወርድ ስላላት፣ እሱን በማንቆርቆሪያው እያፈላሁ አጠጣት ነበር። በሩ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ማንቆርቆሪያ ተስሎበት፣ በላዩ ቀይ መስቀል ተጋድሞበታል። ቀይ መስቀል ደግሞ እኛ ወሎዎች በድርቁ ዘመን እህልና መድኃኒት ይዞ ሲመጣ የምናውቀው ምልክት ነው፤ ስለዚህ ለሕሙማን ተፈቅዷል ማለት ነው ብለን፣ አላህ ይስጣቸው አልን። ሸጋዬማ ሁለት እጇን ዘርግታ መርቃችኋለች። የእሷን ምርቃት መልሼ መውሰድ ስለማልችል ይያዙት።

በማግስቱ ክፍል ሊያጸዳ የገባው ሠራተኛዎ ማንቆርቆሪያውን አይቶ አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም ጎንበስ ብሎ ይቅርታ እየጠየቀ ወሰደው። በአስተርጓሚ ደንብ ነው፣ ስትወጡ ይሰጣችኋል ተባልሁ። ደንቡን አልነቅፍም፤ እኔም ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ እሳት እፈራለሁ። ብቻ ከሁሉም አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አልጋው ላይ ማን እንደተኛ አለማየቱ ገርሞኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሙቅ ውሃው አመሰግናለሁ። በጠየቅሁ ቁጥር ከታች ከወጥ ቤት በወረቀት ኩባያ፣ ከፈገግታ ጋር ይመጣልኝ ነበር፤ እኛ ክፍል እስኪደርስ ግን ለብ ይላል። ዱቄቱን በዚያ በጠበጥኩት። ሸጋዬ የሰው ድግስ ላይ እንኳ ወጡ ጨው ካነሰው ለደጋሿ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ነበረች። ያንን ጥሬ አጥሚት ተጎንጭታ፣ እጄን ያዝ አድርጋ፣ ደህና በስሏል፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ። በትዳራችን ስትዋሸኝ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ብዙ ሳትቆይ ሞተች። የገደላት በሽታው ነው፤ በእናንተ አላመካኝም። ነገር ግን ከዚህ ዓለም መጨረሻ የቀመሰችው ጥሬ ዱቄት መሆኑ ያንገበግበኛል፤ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ ትዝ ሲለኝ ስንት ክንድ እንደለካሁ ይጠፋብኛል።

አራተኛ የምለው ምስጋና ይሁን ወቀሳ አላወቅሁትም። ሸጋዬን እዚያው አገራችሁ ቀብሬ ስወጣ፣ ማንቆርቆሪያው ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። አስፈርማችሁ ሰጣችሁኝ፤ ቀጥላችሁም ለቆይታዬ ስንት ኮከብ እንደምሰጥ ጠየቃችሁኝ። ይዤ ከመጣሁት ሁሉ ሳይጎድል የተመለሰልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ አደራ ጠባቂነታችሁን ለአገሬ ሰው ሁሉ አወራለሁ።

ኮሪደርዎ እንዳይጨልም፣ ምንጣፍዎ እንዳይቆሽሽ፣ ደንብዎም እንዳይነካ እየተመኘሁ፣ ራስዎ ሲታመሙ አጥሚትዎን አፍልቶ የሚያቀርብልዎ ሰው አላህ እንዳያሳጣዎ ከልቤ እየለመንሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አህመዲን፣
የሸጋዬ ባል፤ ከመካነ ሰላም

ማስታወሻ፦ አሁን ከዚህ ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ወደ ሆቴል ማንቆርቆሪያ ይያዛል ወይስ አይያዝም እያለ የሚጠይቀው እኔን ነው። ጎረቤቴ አብዱራህማንም እናቱን ይዞ ወደ እናንተው ሊመጣ ነው። ያዝ ብዬ ያንኑ የሸጋዬን ሰጥቼዋለሁ፤ ቀዩ መስቀል እናንተ ዘንድ ክልክል ማለት መሆኑንም ነግሬዋለሁ። መቼም ታገኙበታላችሁ፣ መውሰዳችሁም አይቀርም። ሲወጣ ስትመልሱለት ግን፣ እባክዎ፣ ከነእናቱ ይሁን።