የኩርፊያ ውሃ

ኪራን፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ጎልበርን ከተማ እህቴ ጋ ሄጃለሁ።

ጓሮ ያሉት አራቱ ካናቢሶች፣ ያንተም ሁለቱ የኔም ሁለቱ፣ ቅጠላቸው ቢጫ የሆነው ርቧቸው አይደለም። ስለዚህ ማዳበሪያህን አስቀምጥልኝ፣ ዶክተር። ዛሬ አንዱን ከባልዲው አውጥቼ አየሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ ሽታው የቦይ ውሃ ነው። የበሰበሰ ሥር ቢያበሉትም አይበላም።

ባልዲዎቹን ጡብ ላይ አስቀምጣቸው፣ ውሃው ይንጠፍጠፍ። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ከተህ ደረቅ እስኪሆንልህ ጠብታ እንዳትጨምር። የካንቤራ ውርጭ ደርሷል፤ ዘንድሮ እንደገና መዝራት የለም።

«ማነው እንዲህ ያጠጣቸው?» ብለህ ደግሞ እንዳትጮህ።

ከተኮራረፍን ሦስት ሳምንታችን ነው። «ያንተን አልነካም» ያልኩህ እኔ፣ ጠዋት ጠዋት ያንተንም አብሬ ሳጠጣ ነበር። ትናንት ደግሞ ከሥራ ስትገባ በመስኮት አየሁህ። «የራስሽን ራስሽ አጠጪ» ያልከው ሰውዬ፣ ጆግ ይዘህ የኔዎቹ ላይ ጎንበስ ብለሃል።

እሁድ እመለሳለሁ። ያኔ በአፍህ ንገረኝ፣ እኔም እነግርሃለሁ። ተክሎቹ ከዚህ በላይ የይቅርታ ውሃ አይችሉም።

ማርኒ