የ“ዶክተሩ” መድኃኒት

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ለሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሆድሽ ገፋ ወይ? እግሬ አበጠ ስትዪኝ በስልክ የሳቅኩት ንቄሽ አይደለም፤ እኔም አንቺን አርግዤ የአባትሽን ጫማ ነበር የማደርገው። ዛሬ የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። ቤታችን ጠባብ ነው፤ አባትሽ ደግሞ ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው አልደከመም።

ንቦቼ አልቀዋል። የእርሻው አለቃ ፎሶሊያው አበባ ላይ እያለ የተባይ መድኃኒቱ ይረጭ አለ፣ ያውም በጠዋት፣ ንብ በሚወጣበት ሰዓት። አባትሽ ወደ ማታ ቢሆን ይሻላል ብሎት ነበር፤ ማን ሰምቶት። ከሰዓት ወደ ጓሮ ብወጣ የቀፎዎቹ ደጅ ጠቁሯል። በሕይወት ያሉትም መብረር አቅቷቸው በአንድ ጎናቸው ይሽከረከራሉ። በመጥረጊያ ሰብስቤ ቀበርኳቸው። ለንብ ይለቀሳል ወይ ብትዪኝ፣ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ የጓሮው ዱባ ያብባል እንጂ ፍሬ አይዝም። ስለዚህ በየጠዋቱ ወንዱን አበባ እየቀጠፍኩ ሴቷ ላይ አሻሻለሁ። በስተርጅናዬ የዱባ ደላላ ሆንኩልሽ። እንቅልፍ ነሱኝ እያልሽ የምትረግሚያቸው ድንቢጦችም ከመስኮትሽ ፊት ካለው ዛፍ ጠፍተዋል። የተረጨውን ትል ሲለቅሙ ከርመው ነው መሰለኝ፣ ሥሩ ወድቀው አገኘኋቸው። አሁን እስከ ረፋድ ብትተኚ የሚቀሰቅስሽ የለም።

አባትሽን እርሻው ላይ “ዶክተሩ” ነው የሚሉት፣ መድኃኒቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞረው እሱ ስለሆነ። ስሙን ይወደዋል። በቅርቡ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ምራቁ መዝረብረብ፣ ትንፋሹም መቆራረጥ ሲጀምር እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ደረቱን አዳምጣ ስታበቃ፣ “የሚወስዱት መድኃኒት አለ?” አለችው።

“አለ እንጂ። በቀን ሃያ ሊትር፣ ሥራ ሲበዛ አርባ።”

መጻፏን አቆመች። ለካ እሱ በጀርባው ወደ ማሳ የሚወስደውን ነው የሚነግራት። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በምን ተሸፍኖ እንደሚረጭ ጠየቀችው። በመሐረብ አላት። የሥራ ልብሱን የት እንደሚያጥብ ጠየቀችው። ቤት፣ ሚስቴ ታጥብልኛለች አላት። የተሸከሙት መርዝ ነው ስትለው ተቀየማት፤ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም መጣ።

“መርዝ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ይሉት ነበር?” አለኝ።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት ነው ስለው የኖርኩት። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ብቻውን እንደማልተወው ግን እወቂልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ደርሼ ስመለስ አባትሽ ክፍልሽ ውስጥ ነው። መስኮቱን ዘግቶ፣ መርጫውን አዝሎ፣ ግድግዳውን፣ ፍራሽሽን፣ ለሕፃኗ በገዛ እጁ የሠራትን ትንሿን አልጋ ሳይቀር በፎሶሊያው መድኃኒት አርሷቸዋል። ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሳቀልኝ። የልጅ ልጄን ትኋን አይነካትም አለኝ። ሴት ናት ብሎ ከወሰነ ቆይቷል። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ፊቱን ሳይ ዘጋሁት። እንዲያ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ጊዜዬ።

ፍራሹን አውጥቼ ጣልኩት፤ ለእሱ ፀሐይ ላይ ነው ያልኩት። ግድግዳውን በሳሙና ፈተግኩ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ተመልሼ ሐኪሟን ባማክራት፣ ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ያንን ቤት እንዳይረግጥ አለችኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ አትምጪ። እዚያው ውለጂ። ስትወልጂ አጠገብሽ ልሆን፣ ሕፃኗን አንቺ ሳትነቂ ልሰርቅሽና ላቅፋት ነበር ሐሳቤ። እኔ እንዳልመጣ ደግሞ አባትሽን የምተውለት ሰው የለኝም። አየሽ፣ ከአባትሽ ናፍቆትና ከልጅሽ ጤና አንዱን መምረጥ ነበረብኝና ያቺን ያልተወለደችውን መረጥኩ። በኋላ ብትወቅሺኝም ተቀብያለሁ።

ለእሱ ስትደውዪ ሐኪም መንገድ ከለከለኝ በዪው። በገዛ እጁ እንዳስቀረሽ ማወቅ የለበትም። ውሸት አስተምሬ አላሳደግኩሽም፤ ይህቺን አንዷን ግን ዋሺልኝ።

ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ ምን አልሻት እያለ ይጨቀጭቀኛል። ቶሎ ነይ እያልኩሽ ይመስለዋል። ዓይኑ የእኔን ድቃቂ ጽሕፈት አይለይም። እኔም ልጻፍላት ስላለኝ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ። ምንም ቢልሽ አትስሚው።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። ጡትሽ ይሙላ፣ እንቅልፏ የሰላም ይሁን፣ ክፉ ነገር ደጃችሁን አይርገጥ። ስትወለድ በእኔ ፈንታ አንገቷ ሥር ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ

ልጄ፣ አባትሽ ነኝ። ጽሕፈቴ ቢያስቅሽ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። እናትሽ ሁሉንም ጽፋልሻለች። ክፍልሽን በጥሩ መድኃኒት ረጭቼልሻለሁ። ቶሎ ነይ፤ ሳይመሽብኝ ልያት።