ሙሉነሽ የጠየቀችው ክዳን

ጂንካ፣ መጋቢት 1979 ዓ.ም.

ጤናዬ እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል?

ፖስት ካርዷ ትንሽ ስለሆነች አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ በምሠራበት ቀበሌ አዳራሽ ስለ እርዳታ አሰጣጥ እንድናገር ተጠይቄ ነበር። እዚህ ሙሉነሽ የምትባል እናት የቤቷ ጣሪያ ተቃጥሎባት ከነሕፃኗ ጎረቤት ተጠግታለች። ሰዉ አዝኖላት ቆጮ፣ ጎደሬና ልብስ ሲያመጣላት ሰንብቷል። እንደኛ እንደ ሆሳዕና ሰው ደግ ነው፤ እንደኛው ግን የሚፈለገውን ሳይጠይቅ ይሰጣል። "ከመስጠታችን በፊት ተቀባዩን እንጠይቅ" እያልኩ ሳወራ ሙሉነሽን ከኋላ ተቀምጣ አየኋት። ንግግሬን ትቼ፣ "አንቺስ ምን ቢደረግልሽ ይሻልሻል?" አልኳት።

አንገቷን ደፍታ፣ "ያመጣችሁልኝን የናቅሁ እንዳይመስላችሁ" አለች። "ዝናቡ ደርሷል። ቤቴን ብትከድኑልኝ፣ ልጄን ይዤ እገባ ነበር።"

ሻንቆ የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ "እንግዲህ ሰምተናል፤ ማጭድ ያለው ይዞ ይምጣ" አሉና ወጡ። ሁሉም ተከተላቸው። እኔም ትናንት ሳር ስሸከም ዋልኩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ጨርሰን ገና ከመውረዳችን ዝናቡ መጣ። ሙሉነሽ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤቴ አይጠብም" እያለች ሁላችንንም አስገባችን። ጤናዬ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የካርዷ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ወንድምሽን ደምሰውንም ሰላም በይልኝ። ጽሑፌ የተጣመመው እጄን ሳሩ ቧጭሮኝ ነው።

ከበቡሽ