ከቀለጠው ብረት ላይ የተገፈፈው ቆዳ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሰላምታዬ ቢያጥር አትቀየመኝ፤ የምነግርህ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል።

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ተሽሏታል። አንተ ራዲያተር ትጠግንበት የነበረውን ክፍል ዓመት ሙሉ ቆልፋው ከረመችና ከሮቤ ለመጣ የባጃጅ ዕቃ ነጋዴ አከራየችው። መዶሻዎችህን ግን ማንም አይነካም።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። ስለ ትምህርቴ ስትጠይቀኝ «ፀሐይን ምድር ላይ ማንደድ ነው» ስልህ ትስቅብኝ ነበር። አልቀለድኩም፤ ሃይድሮጅንን እጅግ አግለው በማዋሃድ ኃይል የሚያመነጭ ማሽን ለመሥራት እየተሞከረ ነው። ሙቀቱን ጠንካራ ብረት ስለማይችለው፣ የውስጥ ግድግዳውን በቀለጠ ብረት መሸፈን ይታሰባል። አንዱ፣ አንተ ከእርሳስ ጋር ታቀልጠው የነበረው ቲን ነው። ግን ግድግዳው ሃይድሮጅኑን እየጠጣ ካስቀረው ማሽኑ ነዳጅ ያጣል፤ በተለይ ትሪቲየም የሚባለው ዓይነት እንደ ልብ አይገኝም። እኔ የማጠናው ግድግዳው ምን ያህሉን ውጦ እንደሚያስቀር ነው።

ውጭ አገር ያለ ላቦራቶሪ የላከልኝ ልኬት ግራ አጋባኝ። ቲን ሃይድሮጅን እምብዛም አይዝም ሲባል እነሱ ያገኙት ብዙ ነበር። ስሌቴ አልገጥም ብሎኝ ተስፋ ልቆርጥ ስል አንተ ትዝ አልከኝ። ልጅ ሳለሁ ከቀለጠው ብረት በማንኪያ ልቀዳ ስል እጄን ይዘህ «ሱታ፣ ሱታ!» አልከኝ፤ ቀስ በይ ማለትህ ነበር። «መጀመሪያ ቆዳውን ግፈፊ። አየር የነካው ብረት ቆዳ ያወጣል፤ ተንኮሉ ሁሉ እዚያ ነው።»

በማግስቱ አማካሪዬን «ሃይድሮጅኑን የያዘው ብረቱ ሳይሆን ቆዳው ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ግምት ነው። ማስረጃ ካላመጣሽ ምዕራፉን አውጪው» አሉኝ።

ያ ምዕራፍ ከወጣ የዶክትሬት ጽሑፌ ምን ይቀረዋል? ለላቦራቶሪው ጻፍኩ። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ቆዳውን ገፍፈው አንዴ ብቻ እንዲለኩልኝ ለመንኳቸው። አምስት ወር ጠበቅኩ፣ አባዬ።

መልሱ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ በብቅል ፋብሪካው በኩል በባጃጅ ሳልፍ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ሃይድሮጅኑ ከሞላ ጎደል የለም! ጮህኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘና «እህቴ፣ ምን ሆንሽ? መርዶ ነው?» አለኝ።

«ቆዳው ነው! ቆዳው ነው!» እያልኩ ሳቄና እንባዬ ተቀላቀለ። እማዬ ስነግራት ግማሹ ሳይገባት እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ የታጨሁ መስሎት መጣ!

አማካሪዬ ትናንት ደወሉ። ምዕራፉ ይቆያል። «ቆዳውን መጠርጠር ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«አባቴ» አልኳቸው።

«የት ነበር የሚያስተምሩት?»

«አሰላ፣ ራዲያተር ጥገና ቤት።»

«እኝህን ሰው ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

አባዬ፣ እስከ ዛሬ አንተን ሳስብ የሚታየኝ የሆስፒታሉ አልጋና የመጨረሻው ሳምንትህ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ግን እንደዚያ አላስብህም፤ ቃሌ ነው። በተማሪዎቼ ፊት በቆምኩ ቁጥር ስምህን ከነሙያህ እጠራለሁ። ካወቅኩት ሁሉ የትኛው ያንተ እንደሆነ ሳልናገር አላልፍም።

የምትወድህ ልጅህ