በካልሲ የተካሄደው ስብሰባ

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ማስቸገር አልጀመረም? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ፣ ተመስገን። ስለ ባልሽ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈች ሴት ዛሬ ምን ነካት ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ፣ ለቅሬታዬ ወረቀቱ አይበቃም ብዬ ትቼዋለሁ መሰለሽ። በሩን የዘጋብኝ ባልሽ ነው፤ መቀርቀሪያውን ያቀበልሽው ግን አንቺ ነሽ። ይህቺን ሳልተነፍሳት ብዕሩ አልሄድ ስላለኝ ነው። በቃ፣ አለፈች።

አሁን ወሬዬን ስሚ። ታናሽሽ ባለአደራ ሆናለች! በትክክል ነው ያነበብሽው። ቤት የሌላቸውንና የተቸገሩትን የሚረዳ አንድ የሰፈር ማኅበር አለ። ከእናንተ ከወጣሁ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሜዳ ላይ አድሬ፣ ያነሳኝ የእሱ የሴቶች ማደሪያ ክፍል ነው። ከዚያ እዚያው ዕቃ አጣቢ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ኃላፊ ሆንኩ። አምና ደግሞ ከሰባቱ ባለአደራዎች አንዱ በቤቱ ያለፈ ሰው ይሁን ተባለና መረጡኝ። ማንበብ እንኳ የተማርኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ «ክፍል ይከራያል» የሚለውን ከማንም በላይ አጥርቼ አነባለሁ።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲናገሩ እንኳ ነጠላ ሰረዝ ያስቀምጣሉ። አንዲት ሳቂታ ፋርማሲስት አለች። የወለሉን ሴራሚክ በነፃ ያስነጠፈ ተቋራጭም አለ፤ ስለዚያ ሴራሚክ ሲያወራ የወለደው ነው የሚመስልሽ። እኔን በሌለሁበት «ራዲዮ» ይሉኛል አሉ። ይበሉ፤ ራዲዮ የሚከፈተው ሊሰማ አይደል!

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። የመጀመሪያዬ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ አምጥተው ፈርሚ አሉኝ። እኔ? ስሜን በሊቀመንበር ስም ጎን? እትዬ፣ ወንበሩ ጣፈጠኝ። ምን እንደተወሰነ እንኳ ልብ ብዬ አልሰማሁም። ፊርማዬን አሳምሬ፣ ጭራውን እስከ ወረቀቱ ጫፍ ስቤ ፈረምኩ።

የፈረምኩት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለማደር የሚመጣ ሁሉ አዲሱ ወለል እንዳይቆሽሽ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ለዘበኛው ይስጥ፣ ጠዋት ይቀበል የሚል ነው።

በሦስተኛው ወር ሃያ አልጋ ካለው የሴቶች ክፍል የሚተኛበት አራት ብቻ ሆነ። ተቋራጩ ደስ አለው። ችግር ቀነሰ ማለት ነው፣ እንኳን ደስ አለን፣ ክፍሉን ዘግተን የስብሰባ አዳራሽ እናድርገው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለመሰብሰብ እኮ ነው! እኛ ሰባት ሰዎች፣ የሃያ ሴት አልጋ ላይ! በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል ተባለ።

እንቅልፍ አጣሁ። ችግርማ ሲቀንስ እኔ ሳላውቅ አይቀንስም። በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ሄጄ እዚያ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን ሴቶች ለምን ቀራችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከእነሱ አንዷ፣ ሶፍት የምትሸጠዋ፣ ቀደመችኝ፤ አንቺ፣ እዚያው አድረሽ የወጣሽው፣ ጫማ አስረክቡ ስትዪን አታፍሪም? አለችኝ። ፊርማዬ አንገቴ ላይ የተጠመጠመ መሰለኝ።

የድምፁ ቀን ደረሰ። ተነስቼ የጫማው ደንብ ይሰረዝ፣ ክፍሉ አይዘጋ አልኩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤውን ገለበጡና፣ እዚህ ላይ የእርስዎም ፊርማ አለ፣ ያውም ትልቁ፣ አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም፣ አዎ ፈርሜያለሁ፣ የፈረምኩት ግን ወንበሩ አስክሮኝ ነው፤ እናንተስ ምን ጠጥታችሁ ነው? አልኳቸው። 

ከዚያ፣ ደንቡ ጥሩ ከሆነ እኛም እንሞክረዋ፣ ጫማችንን ለዘበኛው እናስረክብ አልኩ። ፋርማሲስቷ እየሳቀች ቀድማ አወለቀች። ሊቀመንበሩ፣ ይህ ጉባኤ ነው ወይስ ጨዋታ? ብለው ተቆጡ፤ ሌሎቹ ሲያወልቁ ግን ብቻቸውን መቅረት አፈሩ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ በሌላኛው እግራቸው ረግጠው ደበቁት።

ዘበኛችን ደንብ አክባሪ ነው። ጫማውን ሁሉ በካርቶን ሰብስቦ፣ ዕቃ ቤት ቆልፎበት፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ምሳውን ሊበላ ወጣ። እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩትም፣ እውነቴን ነው!

አንድ ሰዓት ሙሉ በካልሲ ተቀመጥን። ተቋራጩ እግሩን ወንበር ላይ ሰብስቦ፣ ይሄ ሴራሚክ እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ? አለ። የገዛ ሴራሚኩን! አሥሬ ደግሞ፣ ሰውየው የት ሄደ? ጫማዬ አዲስ ነው እኮ፣ ይላል። ሊቀመንበሩን ቆጠርኳቸው፤ አራት ጊዜ በሩን አዩ።

ያኔ ተናገርኩ። እናንተ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሚያውቃችሁ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ እንዲህ ከሆናችሁ እሷስ? አልኩ። እኔ እዚያ ክፍል ስድስት ወር ስተኛ ጫማዬን አንድ ቀን አላወለቅኩም። ሜዳ ያደረች ሴት ጫማ የምታደርገው ለብርድ መሰላችሁ? ለመሮጥ ነው። ጫማዋን ተቀብላችሁ አልጋ ስትሰጧት፣ ማምለጫዋን ነጥቃችሁ እንቅልፍ ተኚ ማለታችሁ ነው።

 በመጨረሻ ሊቀመንበሩ፣ ባለአደራዋ ልክ ናቸው፣ ይሰረዝ፣ አሉ። ናቸው! ሰባት እጅ ወጣ። ተቋራጩ እጁን እያወጣ፣ ወለሉን ማን ሊያጥብልኝ ነው? ብሎ አለቃቀሰ። እኔ፣ አልኩት። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ባለአደራዋ ራሷ በመወልወያ ትወለውልለታለች፤ አላፍርም፣ እኮራበታለሁ። ይህንን ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምኩት።

በሦስት ሳምንት አሥራ ዘጠኙ አልጋ ሞላ። መስኮት አጠገብ ያለችው አንዷ ብቻ ቀርታለች።

አሁን ለሥራ ነው የምፈልግሽ። ክፍሉ ስምንት መስኮት አለው፣ አንድም መጋረጃ የለውም። ጨርቁ ተገኝቷል፤ የእግር መኪናም አለ፣ ትንሽ ትንጫጫለች እንጂ ትሰፋለች። እንዳንቺ የሚቆርጥ ሰው አላየሁም፤ ይህን ስናገር ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ሥራው ረጅም ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ሳይፈጅ አይቀርም። ሰፊዋ ደግሞ እዚያው ማደር አለባት፤ ደንብ ነው። ቦርዱ ገና አልሰማውም፣ እኔ አሰማዋለሁ።

ምጽዋት ነው እንዳትዪኝ። ኩራትሽን አውቀዋለሁ፣ ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣነው።

ጤናውን ያብዛልሽ፣ እጅሽን አያድክምብኝ፣ የእናታችን ምርቃት ይከተልሽ። ደብዳቤውን ለሶፍት ሻጯ ሰጥቻታለሁ፤ ማታ ማታ አጠገቧ ማን እንደሚያድር ነግራኛለች፤ ሌላውን አንጠያየቅ። ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ዘበኛው ስምሽን አይጠይቅሽም። ባለአደራዎቹን ጎበዝ ሰፊ ከሩቅ አገር አስመጣለሁ ብያቸዋለሁ፤ ከሁለት መንገድ ማዶ እንደምትመጪ ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም።

ታናሽሽ