ቀይ ጥለት የታሰረበት መቋሚያ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለአንዱዓለም ደምለው፤

የአባቶቻችን አምላክ ሰላሙን ያድልህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ካሰችስ? ልጅህ ወንድማገኝ ያ ሳል ተወው? የባዕድ አገሩ ሙቀት አልጠናባችሁም? እኛ፣ ስሙ ይክበር ይመስገን፣ ከጉልበቴ ሕመምና ከአንድ ፍርሃት በቀር ደኅና ነን። የምጽፍልህም ስለዚሁ ፍርሃት ነው።

በጥቅምት ማብቂያ ከቀብር ስንመለስ፣ እኛ ካህናቱ እንደ ልማዳችን መቋሚያችንን በትከሻችን አድርገን በሰሊጡ እርሻ መካከል ተከታትለን እንጓዝ ነበር። አንድ ሄሊኮፕተር፣ ከወዲህ ይሁን ከድንበሩ ማዶ አላወቅንም፣ ዝቅ ብሎ አለፈን፤ ዞሮም ተመለሰ። የደረሰው ሰሊጥ በነፋሱ ረገፈ፤ አጫጆቹ ከክምሩ ሥር ተወሸቁ። ባለሱቁ ሙነወር ከመንገዱ ዳር ሆኖ፣ መሪጌታ፣ ያን ዘንግ ከትከሻዎ ያውርዱት፣ ከላይ ሲያዩት እኮ ክላሽ ነው እያለ ጮኸ። አወረድን። ጥቂት አንዣብቦ ሄደ። ኋላ ውኃ ሲያቀርብልን፣ እንኳን ለፓይለቱ ለእኔም ሽፍታ መስላችሁኝ ነበር ብሎ ሊያስቀን ሞከረ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ልጄ ሆይ፣ በስልክ ስጠይቅህ፣ እኔ ወታደር አይደለሁም፣ በኩባንያ ኮንትራት የተቀጠርሁ ሲቪል ነኝ፣ የአገሩን ወታደሮች ሄሊኮፕተር ማብረር አስተምሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ ብለኸኛል። ከዚያ ወዴት እንደሚበሩ ግን እንደማይነገርህ አልሸሸግኸኝም። ከላይ ሲታይ ሰው ጉንዳን ያህላል ብለህ ስታጫውተኝ ስቄ ነበር፤ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ቃል ነው። እኔ ዜማ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ደቀ መዝሙሬ በሩቅ ደብር ቢስት እንኳ የማን ተማሪ ነህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ስሜም አብሮ ይነሣል። የአንተስ ተማሪ ቢስት?

ስለዚህ እለምንሃለሁ፤ ማንሣትና ማሳረፍን ከማስተማርህ አስቀድመህ ዘንግን ከጠመንጃ፣ አጫጅን ከተዋጊ መለየት አስተምራቸው። ይህን ከከለከሉህ ውሉን አታድስ፤ እንጀራ በሌላም በኩል ይገኛል።

ለመጪው ጥምቀት መቋሚያው ይቅር ያሉ ነበሩ። ታቦት ወጥቶ ማኅሌታይ ባዶ እጁን አይቆምምና እሺ አላልሁም። ፈርቻለሁ፤ ቢሆንም እንደ ወትሮው ከፊት እሆናለሁ።

ለካሰች ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የወንድማገኝን ጉንጭ ሳምልኝ። ሙነወርና ባለቤቱ ረፊቃ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሃል። እናትህ ውባንች የነጠላዋን ቀይ ጥለት ቀድዳ ከመቋሚያዬ ጫፍ አስራበታለች። ለተማሪዎችህ፣ ቀይ ጥለት ያሰረው ሽማግሌ አባቴ ነው ብለህ ንገራቸው ትልሃለች።

አባትህ መሪጌታ ደምለው
ሽንፋ፣ ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.