ወረቀቱን ለእኔ፣ ሳንቲሙን ለአንቺ

ውድ እታለም፣

ወገብሽ እንዴት ነው? እንዲህ ብዬ ለመጠየቅስ ምን አፍ አለኝ! ለዚህ ያበቃሁሽ እኔ ነኝ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ እርጥብ ሴራሚክ አንሸራቶኝ ነው እንጂ» ማለትሽ አይቀርም። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። እህትሽ ከሆነች የምታነብልሽ ምንም ሳትዘልል ታንብብልሽ፤ እሷም ትስማው።

ምግብ ቤቱ እንዳለ ነው። ብርጭቆዎቻችን አሁንም ከባንኮኒው ጀርባ ተደርድረዋል፣ በየአንገታቸው የየራሳችን ክር ታስሮባቸው። የምሳ ሰዓት ግርግር ሲጀምር አንዷ ወጥ ቤት ስትሮጥ ሌላዋ ጠረጴዛዋን ታነሳላታለች፤ ደንበኛው ሂሳብ ማቅረቢያዋ ላይ የተወውን ቲፕ ደግሞ በባለጠረጴዛዋ ብርጭቆ ትከትላታለች። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይህን ያስለመድሽን አንቺ ነሽ። «ደመወዙ እንደሆነ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም፤ የምንኖረው ሰው በሚተውልን ነው። እርስ በርስ ካልተማመንን አለቀልን» ትይን ነበር።

እኔ ሰረቅኩሽ፣ እታለም።

መጀመሪያ የልጄ ትኩሳት ነው። መድኃኒት ታዞላት እጄ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጠረጴዛሽን ሳነሳ የተዉልሽን የወረቀት ብር ወደ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት። ነገ እመልሳለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ጭራሽ ጨመርኩበት። ወረቀቱ ለእኔ፣ ሳንቲሙ ለአንቺ ሆነ፤ ብርጭቆሽ ባዶ ከሆነ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ነዋ! የአንቺን ጠረጴዛ ለምን እንደመረጥኩ ታውቂያለሽ? ሌሎቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። አንቺ ግን ታምኚኛለሽ። ልጄ ከዳነች በኋላ በወሰድኩት ቀይ ጫማ ገዛሁ። «እሰይ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ብለሽ አቀፍሽኝ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬሽ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ምሳ ካበቃ በኋላ ጓሮ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠሽ ተቀምጠሽ እግርሽን ታሺ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አራት አራት ሳህን በክንድሽ ደርድረሽ ስትመላለሺ ውለሽ ቁርጭምጭሚትሽ አብጧል። ብርጭቆሽ ጭንሽ ላይ ነበር።

«እንዝርት» አልሽኝ፤ ከአንቺ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ የለም። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ፊቴ ላይ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ሳንቲም ብቻ እኮ ነው የሚተዉልኝ። ልክ እንደ ለማኝ። እናንተ ጋ ወረቀት አያለሁ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሳንቲም። እጄ ይሸታል እንዴ? ወይስ አርጅቼ ነው?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ብናገረው ኖሮ ቢበዛ በጥፊ ትይኝ፣ ታለቅሺ፣ ከዚያ ትተይው ነበር። እኔ ግን ምን አልኩሽ? «ኧረ ምንም የለም፣ እታለም። ትንሽ ኮስተር ስለምትዪ ይሆናል። ፈገግ በይላቸው።»

አፈር ልብላ! በማግስቱ እጅ መታጠቢያው መስታወት ፊት ቆመሽ መሳቅ ስትለማመጂ አየሁሽ። ያቺን የተሸረፈች ጥርስሽን ድሮ በእጅሽ ትሸፍኛት ነበር፤ እጅሽን አውርደሽ ትስቂያለሽ፣ ታዪዋለሽ፣ እንደገና ትስቂያለሽ። እኔ ትሪ ተሸክሜ በጀርባሽ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም እየሳቅሽ፣ የሰው ሕፃን እያባበልሽ፣ ያልታዘዝሽውን ሁሉ እየሮጥሽ ሠራሽ። ብርጭቆሽ ውስጥ ያው ሳንቲም ነው፤ እኔ አልተውኩማ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር የምግብ ቤቱን ባለቤት ራስሽ ለምነሽ ዕቃ ማጠቢያ ገባሽ። «የሰው ዓይን ከጠላኝ ምን አደርጋለሁ? ሳህን መቼም አይመርጥም» ብለሽ አሳቅሽን። እኔም ሳቅኩ። እዚያ በገባሽ በአምስተኛው ሳምንት ሳህን እስከ አገጭሽ ቆልለሽ ስትወጪ ወደቅሽ። ባለቤቱ «ራሷ ናት የጠየቀችው» ብሎ እጁን ታጠበ፤ የተሰበሩትን ሳህኖች ሳይቀር ከመጨረሻ ደመወዝሽ ቆረጠ። ስትሄጂ አምቡላንስ ድረስ ደግፌሽ ነበር። ግንባሬን ስመሽ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አልሽኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ሰዓት ሠሪው መጡ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ፣ መስኮቱ ጥግ የሚቀመጡት። ውኃ እንዳይፈስባቸው ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ትቀጂላቸው፣ ሥጋውን ወጥ ቤት ቆራርጠሽ ታቀርቢላቸው ነበር፣ ሰው ሳያይባቸው። ለወራት ታመው ተኝተው ኖሯል። ገና ሳይቀመጡ «ያቺ ሴትዮስ?» አሉኝ።

«ለቃለች፣ ጋሼ።»

«ምነው?»

«ደንበኛ አይወደኝም ብላ» አልኩ። አመለጠኝ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ማነው ያልወደዳት? እኔ ሌላ ቦታ ምሳው ይረክስልኝ ነበር፤ እዚህ የምመጣው ለእሷ ስል ነው። አንድም ቀን ወረቀት ብር ሳልተውላት ወጥቼ አላውቅም። እሷ ግን ስለ ቲፑ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። እኔ እኮ ኩራት ነው ብዬ ይበልጥ አከበርኳት።»

እዚያው ትሪውን እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ በጮሁብኝ! ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። ሲጨርሱ ቲፕ አስቀመጡ፣ ወረቀት።

«ጋሼ፣ አልወስድም» አልኳቸው።

«ዛሬ የለፋሽልኝ አንቺ ነሽ፤ የልፋትሽን ውሰጂ። ደግሞ የእሷን ልፋት ማን እንደወሰደው ለእሷም ንገሪያት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ይዤ አላውቅም፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ አለ፣ ልነካው አልቻልኩም።

የዚያኑ ቀን አብረውን ለሚሠሩት ልጆች ሁሉ ተናገርኩ። አሁን ጠረጴዛዬን የሚያነሳልኝ የለም፣ ሰላምታም የለም። ይገባኛል። የወሰድኩብሽን በየወሩ ከደመወዜ እየከፈልኩ እመልሳለሁ። ግን መስታወት ፊት የቆምሽበትን ቀን በምን እመልሰዋለሁ?

ሰው ይወድሽ ነበር፣ እታለም። በጣም ይወድሽ ነበር። ይህን ከእኔ አፍ ሰምተሽ እመኚ ብልሽ ቀልድ ነው፤ ዓይንሽን እያየሁ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪውን ይዣቸው እመጣለሁ። የቤታችሁ ደረጃ ይከብዳቸዋል፣ እኔ እደግፋቸዋለሁ። እህትሽ በሩን ትክፈትላቸው። እሳቸው ገብተው አጠገብሽ ይቀመጡ፣ የምታምኚው ሰው ይንገርሽ። እኔ ደጅ እቀራለሁ። ግቢ ካላልሽኝ በመጣሁበት እመለሳለሁ፣ እሳቸውን አድርሼ።

አብራሽ የሠራችው፣
የሰረቀችሽም